የተዳፈነ ሙቀት

(የአፈር መድረቅ ከመሬት በታች በተቀበሩ የኤሌክትሪክ ኬብሎች ላይ የሚያደርሰው ችግር)

ሀ. ቅድመ ንባብ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. ማታ በአመድ የተዳፈነ ፍም እስከ ንጋት ድረስ ሳይጠፋ የሚያድረው ለምንድን ነው?
2. ጋቢ በዝናብ ሲርስ እንደ ደረቁ ጊዜ የማያሞቀው ለምን ይመስላችኋል?
3. የኤሌክትሪክ መስመር በምሰሶ ላይ ከሚዘረጋ ይልቅ ከመሬት በታች ቢቀበር ምን ጥቅም፣ ምንስ ጉዳት ሊኖረው ይችላል?

ለ. ምንባብ

የጂቡቲ ከተማ በታጁራ ሰላጤ መግቢያ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ስሟ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ከተማዋ ያረፈችው ኮራል ከሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት በተሠሩ ዝቅተኛ አምባዎችና በእነዚህ አምባዎች መካከል በአፈርና በድንጋይ በተሞላ ሜዳ ላይ ነው። ከቦታዎቿም አንዱ ራስ ዲካ ይባላል። ራስ የሚለው ቃል በዐረብኛ እንደ አማርኛው ሁሉ የአካል ክፍል ስም ሲሆን፣ ወደ ባሕር ሾልኮ ለገባ የብስም መጠሪያ ይሆናል።

በዚህች ከተማ የሐምሌ ወር የቀን ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። በበጋ ካምሲን የሚባለው ሞቃትና ደረቅ ነፋስ አቧራ እያስነሣ ይነፍሳል። እንግዲህ በዚያ ወራት የቤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱና የሐኪም ቤቱ ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ይሠራል፤ የውኃ መግፊያው ሞተርም አያርፍም። ኤሌክትሪክ እጅግ የሚፈለገው ምድሪቱ እጅግ በደረቀችበት ወቅት ነው ማለት ነው። የዚህ ምንባብ ጉዳይም ይኸው መጋጠም ነው።

ጂቡቲ ለብዙ ዘመን ኤሌክትሪክ የምታገኘው በዋናነት ቡላኦስ ከሚባለው፣ በነዳጅ ከሚሠራው ጣቢያ ነበር። በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ግን ከኢትዮጵያ የሚነሣ፣ 283 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበ ዝናብ ግድብ ሞልቶ፣ ተርባይን አዙሮ፣ በሽቦ ላይ በረሃውን አቋርጦ በባሕር ዳር ላለ ቤት ማቀዝቀዣ ይሆናል። መስመሩ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በብረት ማማዎች ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ እያቀዘቀዘው ነው። ኤሌክትሪኩ ከተማ ገብቶ ወደ ተቀበረ ኬብል ሲተላለፍ ግን ነፋስ የሚባል ረዳት የለውም። የዚያን ጊዜ ከሌላ ውኃ ጋር ጉዳይ ይኖረዋል፤ ይኸውም በአፈር ቅንጣቶች መካከል ተደብቆ የሚኖረው ጥቂት እርጥበት ነው።

ኬብልን መቅበር አዲስ ነገር አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ ኤሌክትሪክ ማከፋፈል ሲጀምር መስመሮቹን ከመንገድ በታች ቀብሯቸው ነበር። የተቀበረ ኬብል በነፋስ አይወድቅም፤ የባሕር ጨው አይበላውም፤ ተሽከርካሪም አይገጨውም። ጥቅሙ በኢትዮጵያም ታውቆ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በብዙ መንገዶች ዳር ተንጠልጥለው የነበሩ ሽቦዎች ወደ መሬት ውስጥ እንዲገቡ ተደርጓል። ይሁን እንጂ ኬብል ከተቀበረ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። ከዓይን የተሰወረ ነገር ደግሞ ከሐሳብም ሊሰወር ይችላል።

ኤሌክትሪክ በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል። ሙቀቱም የሚጨምረው ከጅረቱ ጋር በእኩል መጠን አይደለም፤ ጅረቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሙቀት በሽቦው ላይ የለበሰውን የፕላስቲክ ልባስ አልፎ፣ ከዚያም በዙሪያው ያለውን አፈር አቋርጦ ወደ ገጸ ምድር መውጣት አለበት። መውጫ ካጣ በኬብሉ ውስጥ ይከማቻል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት የፖሊኤትሊን ልባስ ያለማቋረጥ ሊሸከም የሚችለው የሽቦ ሙቀት እስከ 90 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ልባሱ ዕድሜው ያጥራል፤ እየለሰለሰና እየተበላሸ ይሄድና በመጨረሻ ተሰንጥቆ ወይም ተበስቶ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ይለቅቀዋል።

አፈር ሙቀትን እንዴት ያሳልፋል? አንድ እፍኝ አፈር ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ እነርሱም የድንጋይ ቅንጣት፣ ውኃና አየር ናቸው። ቅንጣቶቹ ሙቀትን በሚገባ ያስተላልፋሉ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በውኃ ሲሞላ ውኃው ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ድልድይ ይሆናል። ውኃው ሲደርቅ ግን ቦታውን አየር ይወስደዋል፤ አየር ደግሞ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከውኃ ከሃያ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ጋቢ ለባሹን የሚያሞቀው በድርና በማጉ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ሲርስ ግን ውኃው የአየሩን ቦታ ይይዝና የሰውነትን ሙቀት ያወጣዋል። እናትም ማታ ፍሙን በአመድ የምትዳፍነው ደረቁና ልሙ አመድ ሙቀቱን እንደሚያግተው ስለምታውቅ ነው። በደረቅ አፈር ውስጥ የሚሠራ ኬብል እንደዚሁ የተዳፈነ ፍም ነው።

መሐንዲሶች አፈር ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያግድ በቁጥር ይለካሉ። መለኪያው ኬልቪን ሜትር በዋት ይባላል። እርጥብ አፈር 1 ገደማ ሲሆን፣ በጣም የደረቀ አሸዋ ከ2 አልፎ እስከ 3 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1 ሜትር ጥልቀት የተቀበረና 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኬብል በየሜትሩ 30 ዋት ሙቀት ያወጣል እንበል። የመሬቱም ሙቀት 35 ዲግሪ ይሁን። የአፈሩ የማገድ ልክ 1 ከሆነ የኬብሉ ገጽ ከመሬቱ በ19 ዲግሪ ያህል ብቻ በልጦ 54 ዲግሪ ይሆናል። አፈሩ ደርቆ ልኩ 2.5 ቢደርስ ግን በ47 ዲግሪ ያህል በልጦ 82 ዲግሪ ይሆናል። በውስጡ ያለው ሽቦ ከገጹ በጥቂት ዲግሪ ስለሚበልጥ ወደ 90ው ወሰን ተጠጋ ማለት ነው። ኬብሉ ያው ነው፤ ጅረቱም ያው ነው፤ የተለወጠው የአፈሩ እርጥበት ብቻ ነው። ኬብሉ እንደ ቀድሞው እንዲቀዘቅዝ ቢፈለግ የሚያሳልፈው ጅረት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ መቀነስ ይኖርበታል።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አፈሩን የምታደርቀው ፀሐይ ብቻ አለመሆኗ ነው፤ ኬብሉ ራሱም ያደርቀዋል። ኬብሉ ሲሞቅ በዙሪያው ያለው ውኃ ተንኖ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ቀዝቀዝ ካለ ቦታ ሲደርስም ተመልሶ ውኃ ይሆናል። አፈሩ በቂ እርጥበት ካለው ይህ ውኃ የፋኖስ ክር ጋዝን እንደሚስብ ሁሉ በቅንጣቶቹ መካከል እየተሳበ ወደ ኬብሉ ይመለሳል። የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም አፈሩ ከመጀመሪያውም ደረቅ ከሆነ ግን የሚመለሰው ከሚሄደው ያንሳል። በኬብሉ ዙሪያ ደረቅ ቀለበት ይፈጠራል። ደረቁ ቀለበት ሙቀቱን ያግዳል፤ የታገደው ሙቀት ኬብሉን ይበልጥ ያሞቀዋል፤ የሞቀው ኬብልም ቀለበቱን ያሰፋዋል። በዚያም ላይ መዳብ በሞቀ መጠን ለጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ በየዲግሪው ወደ 0.4 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር ራሱ ሙቀቱን ያባብሰዋል። ይህ አዙሪት አንዴ ከተጀመረ ጅረቱ ካልተቀነሰ በቀር የሚቆመው ልባሱ ሲቃጠል ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በጽሑፍ ብቻ የሚነገር አይደለም። በኒውዚላንድ የምትገኘው የኦክላንድ ከተማ መካከለኛ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዋናነት በአራት የ110 ኪሎ ቮልት ኬብሎች ነበር። በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1998) በአገሩ የተለየ ሙቀትና ድርቀት ያለው በጋ ሆነ። በጥር 14 ቀን አንደኛው ኬብል ተበላሸ፤ በየካቲት 2 ቀን ሁለተኛው ተከተለ። ሸክሙ በቀሩት በሁለቱ ላይ ወደቀ፤ እነርሱም በየካቲት 12 እና 13 ተበላሹ። የከተማዋ የንግድ መካከል ለአምስት ሳምንት ያህል በጨለማና በችግር ውስጥ ቆየ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፤ የፎቅ ነዋሪውም ደረጃ በደረጃ ውኃ ተሸክሞ ወጣ። ኬብሎቹ አሮጌዎች ስለነበሩ የብልሽቱ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን በዙሪያቸው ያለው መሬት ከታሰበው ይልቅ ሞቃትና ሙቀት ያዥ ሆኖ መገኘቱ፣ ዐቅማቸውም ከተገመተው በታች መሆኑ ከትምህርቶቹ ዋነኛው ሆነ። ኦክላንድ ዝናብ የማይነፍጋት ከተማ ናት። በእርሷ የሆነው በጂቡቲ ባለ ምድር ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በራስ ዲካም ሆነ በሌላው የከተማዋ ክፍል ኬብል የሚቀብር መሐንዲስ ሁለት ዓይነት መሬት ያጋጥመዋል። በባሕሩ አጠገብ ዝቅ ባለው ቦታ ጨዋማው የከርሰ ምድር ውኃ ለገጸ ምድር ቅርብ ስለሚሆን አፈሩ ወደ ታች ሲቆፈር እርጥበት ሊያሳይ ይችላል። ከፍ ባለው የኮራል መሬትና በሙሌቱ ላይ ግን ድርቀቱ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። የኮራልና የዛጎል ስብርባሪ በተፈጥሮው ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ማዕድኑም ኳርትዝ ከሚባለው የጠንካራ አሸዋ ማዕድን ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል። አንድ ኬብል ግን ሁለቱንም መሬት አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ የመስመሩ ዐቅም የሚወሰነው በእርጥቡ ቦታ ሳይሆን እጅግ በደረቀው ቦታ ነው፤ እንስራ ውኃ የሚይዘው እስከ ስንጥቁ ድረስ ብቻ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ይህ ለኢትዮጵያም ይሠራል። የመረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ግን ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በኬብሉ አጠገብ ካለፈ የሚሞላው አየር ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ከመቅበር በፊት አፈሩን መለካት ነው። ቀጭን የብረት መርፌ በአፈሩ ውስጥ ተተክሎ በመጠኑ ከሞቀ በኋላ፣ የመርፌው ሙቀት በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ይታያል፤ ከዚያም የአፈሩ የማገድ ልክ ይሰላል። ልኬቱ በዝናብ ማግሥት ሳይሆን አፈሩ በደረቀበት ሁኔታ ሊታሰብ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ኔኸርና ማግራዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የተቀበረ ኬብል ምን ያህል ጅረት እንደሚሸከም የሚሰላበትን ዘዴ አሳተሙ፤ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት ስሌት ዛሬም መሠረቱ ከዚያው ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባ የተሳሳተ የአፈር ቁጥር ግን ትክክለኛ መልስ አይሰጥም።

ሁለተኛው የኬብሉን አልጋ ማበጀት ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ሙቀቱ እስከ ገጸ ምድር ድረስ ከሚያጋጥመው መሰናክል ግማሽ ያህሉ ከኬብሉ መካከል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። በመሆኑም የከተማውን አፈር ሁሉ መለወጥ አያስፈልግም፤ በኬብሉ ዙሪያ ያለውን ጥቂት አፈር መለወጥ ይበቃል። ትልልቁና ትንንሹ ቅንጣት ተመጣጥኖ የተደባለቀበትና በሚገባ የተጠቀጠቀ አሸዋ ክፍተቱ ጥቂት ስለሆነ ቢደርቅም ሙቀት ያሳልፋል። ጥቂት ሲሚንቶ ሲጨመርበት ደግሞ ቅንጣቶቹ እንደ ተነካኩ ይቆያሉ። ቆፍሮ ያወጡትን ልቅ አፈርና የሕንፃ ፍርስራሽ መልሶ መሙላት ግን ኬብሉን በአመድ እንደ መዳፈን ይቆጠራል።

ከዚህም ሌላ ወፍራም ሽቦ መምረጥ፣ ኬብሎችን አራርቆ መቅበር፣ ሸክሙን በብዙ መስመር ማከፋፈልና በኬብሉ ጎን በተዘረጋ የብርሃን ክር አማካይነት ሙቀቱን በየቦታው መከታተል ይቻላል። ጥልቅ አድርጎ መቅበር ግን ሁለት ገጽታ አለው። ጥልቁ መሬት ቀዝቃዛና እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ገጸ ምድር ለመውጣት የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ ጥቅሙና ጉዳቱ በየቦታው መመዘን አለበት።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃሉ። ዛሬ ለአሸዋና ለሲሚንቶ የሚወጣው ገንዘብ ለዓይን አይታይም፤ ምክንያቱም በአስፋልት ይሸፈናል። የሚታየው ሥራው ሳይሠራ ሲቀር ነው። በዚያ ጊዜ በ40 ዲግሪ ሙቀት የሐኪም ቤት ማቀዝቀዣ ይቆማል፤ መድኃኒትና ምግብ ይበላሻል፤ የውኃ ቧንቧም ይደርቃል። ስለዚህ የኬብልን ዐቅም የሚመዝን ሰው ሽቦውን ብቻ ሳይሆን ሽቦው የተኛበትንም ምድር መመዘን አለበት። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸው ፍቺ ተሰጥቷል። እያንዳንዱን ቃል በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

የብስ፦ ውኃ የሌለበት ምድር
ተዳፈነ፦ በአመድ ወይም በአፈር ተሸፍኖ ተያዘ
ልባስ፦ በሽቦ ላይ የሚደረግ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን
ጅረት፦ በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት
ሙሌት፦ ጎድጓዳ ቦታን ለማስተካከል የተደፋ አፈር ወይም ድንጋይ
አዙሪት፦ ዞሮ ወደ ራሱ እየተመለሰ የሚባባስ ሁኔታ
መረሬ፦ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በጂቡቲ ከተማ የኤሌክትሪክ ፍላጎትና የአፈር ድርቀት በአንድ ወቅት የሚጋጠሙት ለምንድን ነው?
2. በማማ ላይ የተዘረጋ ሽቦና የተቀበረ ኬብል ሙቀታቸውን በምን በምን ያስወግዳሉ?
3. ደረቅ ቀለበት እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚሰፋ በቅደም ተከተል አስረዱ።
4. በምሳሌው ኬብልና ጅረት ሳይለወጡ የኬብሉ ገጽ ሙቀት ከ54 ወደ 82 ዲግሪ የተለወጠው በምን ምክንያት ነው?
5. የከተማውን አፈር ሁሉ ሳይለውጡ በኬብሉ ዙሪያ ያለውን ጥቂት አፈር መለወጥ የሚበቃው ለምንድን ነው?
6. “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር ያለውን ግንኙነት ግለጹ።

ሠ. የቋንቋ ልምምድ

“ስለዚህ”፣ “በመሆኑም”፣ “ይሁን እንጂ” እና “ምክንያቱም” የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ ጻፉ። ከእነርሱ መካከል ምክንያትን የሚያመለክተው፣ ውጤትን የሚያመለክቱትና ተቃራኒ ሐሳብን የሚያገናኘው የትኞቹ እንደሆኑ ለዩ። ቀጥሎም ከታች ያሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ተስማሚ በሆነ አያያዥ አገናኙ።

1. ውኃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ ያስተላልፋል። እርጥብ አፈር ኬብልን ያቀዘቅዛል።
2. የተቀበረ ኬብል በነፋስ አይወድቅም። ሙቀቱን ለማስወገድ ይቸገራል።
3. መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። በውስጡ ያለው ውኃ ይደርቃል።

ረ. የጽሕፈት ልምምድ

በአካባቢያችሁ ያለውን የአፈር ዓይነት በክረምትና በበጋ ተመልከቱ። ቀለሙን፣ እርጥበቱንና ስንጥቁን እያነጻጸራችሁ፣ በዚያ አፈር ውስጥ ኬብል ቢቀበር ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ አፈሩን ግለጹ፤ በሁለተኛው ችግሩን አስረዱ፤ በሦስተኛው መፍትሔውን አመልክቱ።